ኡስታ ደሱቂ የቀበሩት ቁራጭ

በግብፅ፣ የዱምያጥ ከተማ ሰው የኡስታ ደሱቂን ወሬ የሚሰማው በአሥር እያካፈለ ነው። ዕድሜ ልካቸውን ጣውላ ሲልጉ የኖሩት እኚህ የቤት ዕቃ ሠሪ፣ በሙያቸው «ኡስታ» የተባሉት፣ «ለአንድ የዳኛ ልጅ የሠራሁት አልጋ ከስፋቱ የተነሳ፣ ባልና ሚስቱ ተኮራርፈው በየጠርዙ ቢተኙ ለመታረቅ ጀልባ መከራየት አለባቸው» ሲሉ፣ ሰሚው በልቡ ያካፍልና «እሺ፣ ሰፋ ያለ አልጋ ነው» ብሎ ያልፋል። ማንም አይቀየማቸውም። እሳቸውም ሰው እንደሚያካፍል ስለሚያውቁ፣ አስቀድመው በአሥር አባዝተው ነው የሚያወሩት።

በዚያ ዓርብ ጧት ግን የሚያባዙት ነገር አልነበራቸውም። በመቃብሩ ሥፍራ፣ ከአባት ከአያታቸው መቃብር አጥር ሥር ቁጢጥ ብለው፣ መዳፍ በምታህል የአፈር ጉብታ ላይ ከጣሳ ውኃ ጠብ ጠብ ያደርጋሉ። በጉብታዋ ራስጌ አንዲት የሬት ችግኝ ቆማለች። ደግሞም ዝም ብለው አልነበረም፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር።

«አሰላሙ አለይኩም፣ አጎቴ።»

ጣሳውን ከኋላቸው ሸሸጉት። ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው ጣሳ ሲሸሽግ እንደ ሌባ ድመት ነው የሚመስለው። ቀና ሲሉ ረባብ ናት፤ የዘንባባ ቅጠል ታቅፋ ወደ አባቷ መቃብር ስታልፍ ነው ያየቻቸው። አባቷ ሟቹ ሰብሪ በኡስታ ደሱቂ ሱቅ ቀለም ቀቢ ሆኖ አርጅቶ የሞተ ሰው ነው። ልጂቱ ግን ቀለሙን ትታ ትምህርቱን ይዛ ሄዳ፣ አሁን ማንሱራ ከተማ ካንሰር በሚጠናበት ቤተ ሙከራ ትሠራለች።

«ወአለይኩም ሰላም፣ የሰብሪ ልጅ። ዶክተሯ» አሉ፣ «ዶክተሯ» የምትለዋን ትንሽ ጠምዘዝ አድርገው።

«የማን ሕፃን ናት፣ አጎቴ?» አለች ጉብታዋን እያየች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ኡስታ ለዚህ ጥያቄ የተዘጋጀ ውሸት ነበራቸው። የሞተች ድመት ናት፤ ያውም ዓሣ ከወንዝ በጅራቷ የምታጠምድ ድመት። አፋቸውን ከፈቱ። ግን በመቃብር መካከል ውሸት ይከብዳልና ምላሳቸው አልታዘዝ አላቸው።

«የኢንሺራህ ናት» አሉ።

«የአክስቴ የኢንሺራህ? አሁን ሳልፍ በረንዳ ላይ ሆነው ሰላም ብለውኛል እኮ።»

«እሷማ አለች፤ ዕድሜ ይስጣት። ይቺ ከሷ የወጣችው ናት።»

ረባብ የዘንባባውን ቅጠል ቀስ ብላ መሬት አኖረችና እሷም ቁጢጥ አለች። ኡስታ ደግሞ አንድ ጊዜ ካመለጣቸው ወዲያ አላቆሙም። ባለቤታቸው ኢንሺራህ ከሆዷ ዕጢ በቀዶ ጥገና በወጣላት ቀን፣ ሐኪሙ ሁለት ብልቃጥ ይዞ ወጣ። ባገሩ ልማድ ከበሽተኛው የወጣን ነገር ወደ መርማሪ የሚያደርስ ቤተሰቡ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱንም ለባል ሰጣቸው። አንደኛው፣ ዓይን የሚያቃጥል ፈሳሽ ውስጥ የነበረው፣ የበሽታው ስም ወደሚነገርበት ሄደ፤ ኡስታ ባግባቡ አደረሱት። ሁለተኛው በበረዶ ሣጥን ነበር። ሐኪሙም «ይሄ ሕያው ነው፤ ሕያው እንዳለ ዛሬውኑ ማንሱራ ይድረስ» አላቸው።

«ሕያው ነው አለኝ ሰውዬው» አሉ ኡስታ። «እስኪ ፍረጂ። ሕያው ከሆነ የሷ ሥጋ ነው። የሷ ሥጋ ከሆነ ደግሞ የሚገባው ከአፈር እንጂ ከጠርሙስ አይደለም። የእጁ ጣት ለተቆረጠበት ሠራተኛዬ እንኳ ጣቱን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለን ነው የቀበርንለት። እኔም አጥቤ፣ ጠቅልዬ፣ ለሷ ዱዓ አድርጌ እዚህ አኖርኳት። ክፉ ሠራሁ?»

ኡስታ በጎን ሰረቅ አድርገው ሲያዩዋት የረባብ ዓይን ውኃ ሞልቷል።

«የምጠብቃት እኔ ነበርኩ፣ አጎቴ» አለች። «ሙቀቱን አስተካክዬ፣ ምግቧን አዘጋጅቼ፣ በር በሩን ሳይ ዋልኩ። ሳትመጣ ስትቀር ቤተሰቡ ሐሳቡን ለውጧል አልን። የፈለገ ይሰጣል፣ ያልፈለገ አይሰጥም፤ እኛ አናስገድድም። ግን አክስቴ ኢንሺራህ እሺ ብለው ነበር።»

ይህን ሲሰሙ ኡስታ ከተቀመጡበት ተነሡ። ጣሳቸውን አንሥተው፣ ልብሳቸውን አራግፈው መንገድ ጀመሩ። ሰው እውነት ሲነካው መጀመሪያ የሚያንቀሳቅሰው እግሩን ነው። ረባብም የዘንባባውን ቅጠል በአባቷ መቃብር ላይ አኑራ ተከተለቻቸው።

ሱቃቸው በመንገድ ላይ ነበር። ዓርብ ስለሆነ መጋዙ ዝም ብሏል፤ የእንጨቱ ብናኝ ሽታ ብቻ ነው ያለው። ኡስታ ቁልፉን ከፍተው ገቡና ተሠርቶ ያላለቀ ወንበር ላይ ተቀመጡ። እንግዳን ከደጅ መመለስ በዘራቸው የለምና ለሷም አንዱን ገፋ አደረጉላት።

«እሺ፣ ልጄ። ብትደርስሽ ኖሮ ምን ልታደርጊያት ነበር?»

«ላሳድጋት።»

«በሽታውን?»

«አዎ፣ በሽታውን። ትንሽ ቁራጭ ወስደን እናፈራርሳታለን፤ እንደ ቀዘቀዘ መረቅ በረጋ ነገር ውስጥ እናስቀምጣትና ሙቀትና ምግብ እንሰጣታለን። ጥቂት ሳምንት ስትቆይ በዓይን የማይታዩ ትናንሽ እንክብሎች ትሆናለች። እንክብሎቹ በሆድ ውስጥ ያለውን ዕጢ ይመስላሉ፤ ጠባያቸው ጠባዩ ነው።»

«ምግቡ ምንድን ነው?»

«ብዙ ነገር አለበት። ስኳርም አለበት።»

ኡስታ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ። «እስኪ ያልሽውን ልድገመው፤ አካፍዬ የሰማሁሽ እንዳይመስልሽ። ሚስቴ አንድ ማንኪያ ሾርባ እንኳ አልወርድ ብሏታል። በጠዋት ተነሥቼ ዳክዬ ሠርቼ፣ በሽንኩርት ሞልቼ ባቀርብላት አሽትታ ፊቷን ታዞራለች። አንቺ ደግሞ የሚበላትን አውሬ በሞቀ ቤት አስቀምጠሽ ስኳር ትመግቢዋለሽ። ለዚህ ነው ሰብሪ ጀርባው እስኪጎብጥ ቀለም ሲቀባ ኖሮ ያስተማረሽ?»

ስድቡ ወደ ሰብሪ ማለፉን ሲያውቁ ትንሽ ደነገጡ። ልጂቱ ግን አልተቆጣችም።

«ለመግደል ነው የምናበላው፣ አጎቴ። ብዙ ቦታ ላይ እንዘራውና በአንዱ ላይ አንዱን መድኃኒት፣ በሌላው ላይ ሌላውን ጠብ እናደርጋለን። የትኛው ያከስመዋል፣ የትኛውስ ያወፍረዋል የሚለውን በመስታወት ውስጥ እናያለን። በአክስቴ ሆድ ውስጥ ከማየት ይሻላል።»

ኡስታ ግን በኢንሺራህ ሆድ ውስጥ አይተውታል። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ለኢንሺራህ የተሰጠው፣ ያ በሽታ ላለባት ሴት ሁሉ በቅድሚያ የሚሰጠው መድኃኒት ነበር። ሐኪሙ አልተሳሳተም፤ ብዙዎችን ይረዳል። እሷን ግን ፀጉሯን ወሰደ፣ ጥፍሯን አጠቆረ፣ ጣቷን አደንዝዞ መርፌ መያዝ ከለከላት፤ በሽታውን አልነካውም። አሁን ሆዷ ውኃ ይዞ የመጨረሻ ወሯን እንደያዘች ነፍሰ ጡር አስመስሏታል። እሑድ ውኃው ሊቀዳላት ነው። ኡስታ ይህ ሁሉ ከጉብታዋ ጋር ይገናኛል ብለው አንድም ቀን አስበው አያውቁም ነበር፤ ወይም አስበውት እንደሆነ በቶሎ ሌላ ወሬ ጀምረዋል።

አሁንም ሌላ ወሬ ጀመሩ።

«በዒዝበት አል-ቡርጅ አንድ ዓሣ አጥማጅ አውቅ ነበር» አሉ። «እግሩን የጀልባ ሞተር ቆረጠው። ወንድሞቹ ሞኞች፣ እግሩን በመቅበር ፈንታ ባሕር ጣሉት። ሃያ ዓመት ሙሉ፣ ዓሣ ያንን እግር በነከሰ ቁጥር ሰውዬው ከቤቱ ሆኖ የሌለው አውራ ጣቱ ያሳክከው ነበር። በመጨረሻማ በማሳከኩ ዓይነት ቡሪ ነው፣ ሰርዲን ነው እያለ ይለይ ጀመር። ወንድሞቹም በሱ ጣት እየተመሩ መረብ ይጥሉ ነበር። ከሰው የተለየ ሥጋ ከሰው አይለይም ለማለት ነው። አንቺ በጠርሙስ ውስጥ ስታሠቃዪው እሷን ቢያማትስ?»

ረባብ ሳትፈልግ ሳቀች፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀባት።

«አያማቸውም። ይልቅ እንክብሎቹ መርዙን በጠጡ ቁጥር እሳቸው አንድ መርዝ ሳይጠጡ ቀሩ ማለት ነው። ስለ መቅበሩ ደግሞ እኔም ጨንቆኝ ሼኹን ጠይቄ ነበር፤ ለሕክምና ከሆነ ነውር የለበትም፣ ሥራው ሲያልቅ በክብር ይሸኝ ብለውኛል። እንደምናከብረው ቃል እሰጥዎታለሁ። እሑድ ከሚቀዳው ውኃ ውስጥም የበሽታው ሴሎች አሉ። ትንሽ ብትሰጡን አሁንም ዕድል አለን።»

«ዳግመኛ ጠርሙስ ተሸክሜ እንድዞር?»

«አዎ።»

«አልዞርም። ለምን የሌላውን ሴት በሽታ አታሳድጊም? ያው ያንኑ በሽታ ያላት ሞልታ የለም ወይ? ስሙ አንድ፣ ቦታው አንድ። የሷን ሞክረሽ ለኢንሺራህ ንገሪን።»

ረባብ ተነሥታ ወደ ግድግዳው ሄደች። የኡስታ ደሱቂ ሱቅ ግድግዳ ከጣራ እስከ ወለል ቁራጭ እንጨት ተሰቅሎበታል፤ እያንዳንዱ በሽቦ ታስሮ፣ የየትኛው ሥራ እንደሆነ በከሰል ተጽፎበት። ብርድ በገባ ጊዜ እንኳ ሠራተኞቹ ከነዚያ አንዱን እሳት ውስጥ ቢጨምሩ ኡስታ የእሳቱን ያህል ነበር የሚነዱት። አንዱን ቁራጭ አውርዳ አቧራውን በእጇ ጠረገች።

«ይሄ የምን ነው፣ አጎቴ?»

«ፋራስኩር ላለች ሙሽራ የምሠራው ቁም ሣጥን። ገና ቀለሙ አልተቀባም፤ አትንኪው።»

«ለምን ተሰቀለ?»

«የሰብሪ ልጅ ሆነሽ ይሄን ትጠይቂኛለሽ? ቀለሙ መጀመሪያ በሱ ላይ ነው የሚሞከረው። አባትሽ ቁራጩን ሳያይ ብሩሽ አንሥቶ አያውቅም።»

«ታዲያ ለምን ከዚያኛው አይሞክሩበትም?» አለች ወደ ሌላኛው እየጠቆመች። «እሱም ዛን የሚሉት እንጨት ነው። ስሙ አንድ፣ እንጨቱ አንድ።»

«እንዴት አንድ ይሆናል?» አሉ ኡስታ በሙያቸው ሲነኳቸው እንደሚያደርጉት ቱግ ብለው። «ያ የሌላ ጣውላ ነው። አንዱ ቀለም ይጠጣል፣ አንዱ ይተፋል። አንዱ ይቀላል፣ አንዱ እንደ ጉበት ይጠቁራል። ከአንድ ግንድ የተሰነጠቁ ሁለት ጣውላዎች እንኳ አንድ አይደሉም። ከራሱ ከጣውላው ካልቆረጥሽ፣ የሞከርሽው ከንቱ ነው። ሕፃን ያውቀዋል ይሄን። የሙሽራዋ ቁም ሣጥን ላይ ነው እንዴ የምሞክረው? ከቁራጩ...»

እዚህ ላይ ድምፃቸው ቆመ።

ረባብ ቁራጩን መልሳ ሰቀለችው። ብልህ ልጅ ናት፤ መጋዙ ከገባ ወዲያ እጅ አይጨመርም። ኡስታ ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች አዩት። ስንት ሙሽራ፣ ስንት ቁም ሣጥን፣ ስንት አልጋ። ከሁሉም ቁራጭ አስቀርተዋል። ለማንም ባዕድ ደንበኛ ያልነፈጉትን ነገር ማን እንደተነፈገው አሁን ታያቸው።

«ቁራጯን ቀበርኳት» አሉ ቀስ ብለው። «ኢንሺራህን ሳልሞክር ቀባኋት።»

እንባቸው በጢማቸው ውስጥ ገባ። ሲያወሩ ለዓመታት የኖሩት ሰው ሲያለቅሱ ግን ድምፅ አልነበራቸውም።

«አላወቁም ነበር» አለች ረባብ። «ብትደርስልኝም አክስቴ ይድኑ ነበር ማለት አልችልም። አንዳንዱ አልበቅል ይላል፤ አንዳንዱ ይበቅልና ሁሉንም መድኃኒት ይቋቋማል። በእንክብሉ የሠራው በሰው ላይ የማይሠራበት ጊዜም አለ። ገና እየተማርን ያለን ሰዎች ነን። ያወቅነውን ለሐኪማቸው እንነግራለን፤ እሱ ከሌላው ምርመራ ጋር አመዛዝኖ ይወስናል። ከዚህ የበለጠ ቃል ብሰጥዎ ዋሸሁ።»

«ውሸቱን ለኔ ተዪው» አሉ ኡስታ፣ ፊታቸውን በእጅጌያቸው እየጠረጉ። «ተነሺ። ፈቃዱ የኔ አይደለም፤ የባለቤቲቱ ነው። ያኔም የሷ ነበር።»

ኢንሺራህ በረንዳው ላይ፣ ትራስ ተደግፋ፣ ሻሽዋን እስከ ቅንድቧ ስባ ተቀምጣ ነበር። ኡስታ ከፊቷ ቆመው ለመጀመር ሦስት ዓይነት መግቢያ ሞከሩ፤ አንዱም አላማረ።

«ተቀመጥ፣ አንተ ሰውዬ» አለቻቸው። «ስለ በረዶ ሣጥኑ ከሆነ አውቃለሁ።»

«ማን ነገረሽ?»

«ጥፍርህ ነዋ። የእንጨት ሰው ነህ፤ በዚያን ቀን ማታ ጥፍርህ ሥር አፈር ይዘህ መጣህ። ዓርብ ዓርብም ጣሳዬ ይጠፋል። ባለቤቴ ሌላ ሚስት ቀብሮ ነው እንዴ ብዬ ነበር።»

«ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«ምን ብዬ? ስትቀብረኝ እያለቀስክ እንደነበር ገባኝ። የሚያለቅስን ሰው ምን ብለው ይቆጡታል?» ወደ ረባብ ዞር አለች። «ልጄ፣ ያድነኛል?»

«አላውቅም፣ አክስቴ። ምናልባት የማይጠቅምዎትን መድኃኒት በከንቱ ከመውሰድ ያድንዎታል። ምናልባት የሚጠቅም እናገኛለን። ጥቂት ሳምንት ይፈጃል፤ እስከዚያ ውኃው በመቀዳቱ ቀለል ይልዎታል።»

«እኔ ከሄድኩ በኋላስ? ያ ነገር እዚያ ይኖራል?»

«ከፈቀዱ እናቀዘቅዘውና ይቀመጣል። እንደርስዎ ለታመሙ ሴቶች አዲስ መድኃኒት ሲመጣ ይሞከርበታል። ካልፈቀዱ አይቀመጥም።»

ኢንሺራህ ያበጠ ሆዷን በመዳፏ መታ መታ አደረገችው፤ ሰነፍ ተማሪን እንደሚሸኝ ሰው።

«ፊደል ሳልቆጥር ሆዴ ማንሱራ ትምህርት ሊገባ ነው» አለች። «ውሰጂው። ሴት ልጅ አልወለድኩም፤ ለሰው ሴት ልጅ ይጥቀም። አንተ ደግሞ ራስህ አድርሰው፤ መንገድ ላይ መቃብር ብታይ ዓይንህን ጨፍን።»

እሑድ ዕለት ኡስታ ደሱቂ የበረዶውን ሣጥን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው፣ በሁለት እጃቸው አቅፈው፣ በሚኒባስ ማንሱራ ገቡ። በመንገድ ሁሉ አንድ ተረት አላወሩም። ከጎናቸው የተቀመጠ የሚያውቃቸው ሰው ታመዋል ብሎ ውኃ ገዛላቸው።

እንክብሎቹ በቀሉ። ረባብ በአጉሊ መነጽር ስታሳያቸው፣ ኡስታ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው አጎነበሱና ለረጅም ጊዜ ቀሩ። ክብ ክብ፣ ግራጫ፣ እንደ ወይን ዘለላ የተጣበቁ ነበሩ። እነዚህ ናቸው ሚስታቸውን የሚበሉት። ሊረግሟቸው አስበው መጥተው ነበር፤ ግን የሷም ናቸውና አልቻሉም።

ሐኪሙ ቀጥሎ ሊሰጣት ያሰበው መድኃኒት እንክብሎቹን ምንም አላደረጋቸውም፤ ውኃ እንደጠጣ ተክል ቆሙ። ሌላ፣ የቆየ፣ በአፍ የሚዋጥ ኪኒን ግን አኮማተራቸው። ሐኪሙ ነገሩን መዝኖ በዚያ ሊሞክር ወሰነ። ኢንሺራህ በዚህኛው አልተመለጠችም፤ የፀጉሯ ቡቃያ እንደ ጫጩት ላባ ብቅ አለ። ሆዷ ውኃ መያዙን አቆመ። በጋውን በራስ አል-ባር፣ ባሕሩ ከወንዙ ጋር በሚገናኝበት ዳርቻ ላይ ወንበር አውጥታ ተቀመጠች። ለበዓሉም ከባሏ ዳክዬ አንድ እግር በልታ፣ «ሽንኩርቱ አንሷል» ብላ አማረረች። ኡስታ ያቺን ምሬት በዕድሜያቸው ከሰሙት ምርቃት ሁሉ አብልጠው ያዟት።

ከዚያ ክረምት ገባ፤ መድኃኒቱም ደከመ። በሽታው እንደ ሌባ ሌላ በር አገኘ። ኢንሺራህ ዝናብ በሚጥልበት ቀን፣ ቤቷ ውስጥ፣ እጇን በባሏ እጅ ውስጥ አድርጋ ሄደች። መርፌ መያዝ ተስኖት የነበረው ያ እጅ፣ በመጨረሻው ወራት የባሏን ሸሚዝ ቁልፍ ሁሉ አጥብቆ ሰፍቶ ነበር።

ለለቅሶ የመጣው ሰው ሲበተን አንድ የጎረቤት ወፍጮ ቤት ባለቤት፣ አቡል-ዓዝም የሚባል፣ ወደ ኡስታ ጠጋ አለ። «እህቴ በዚያው በሽታ ልትቀደድ ነው፤ ብልቃጥ እንሰጥሃለን ብለውኛል፣ እኔ ግን የሷን ሥጋ ለሰው መጫወቻ አልሰጥም። እርስዎ ቀብረዋል አሉ፣ እንዴት እንደሚቀበር ያስረዱኝ» አላቸው።

ኡስታ ክንዱን ይዘው ወደ ሱቁ ወሰዱት፤ ከግድግዳው ፊት አቆሙትና እንዲህ አሉት፦

«ስማኝ፣ ወንድሜ። መጀመሪያ እህትህን ጠይቃት፤ ሆዱ የሷ ነው። እሺ ካለች፣ ሳይሞት ሳይቀዘቅዝ ባሉህ ሰዓት አድርሰው። ይሄ በዕጣ መታከምን ይቀንሳል። የማይሠራውን መርዝ ሰው ሳይጠጣው ጠርሙሱ ይጠጣዋል፤ የሚሠራ ካለ ጉልበቷ ሳያልቅ ይገኛል። ከሷም አልፎ ለማታውቃት ሴት ይተርፋል። ላይሳካም ይችላል፤ የነገረችኝ ልጅ አልዋሸችኝም፣ እኔም አልዋሽህም። እኔ የመጀመሪያዋን ቁራጭ ቀበርኩ። በሁለተኛዋ አንድ በጋ ተሰጠኝ። በመጀመሪያዋ ስንት ይሰጠኝ እንደነበር የሚያውቅ አላህ ብቻ ነው፤ እኔ ግን በየዓርቡ እጠይቀዋለሁ። አንተ ይሄን ጥያቄ ይዘህ አትኑር።»

አቡል-ዓዝም ግድግዳውን አየ፣ ሽማግሌውን አየ፣ ሣጥኑን አደርሳለሁ አለ። አደረሰም።

ዛሬም ዓርብ ዓርብ ኡስታ ደሱቂ ጣሳቸውን ይዘው ይሄዳሉ። በትንሿ ጉብታ ላይ ያለችው ሬት አድጋለች፤ ከጎኗ ትልቁ መቃብር አለ። አንድ አላፊ ሰው ቆሞ ሚስትዎ የትኛው ውስጥ ናት ብሎ ሲጠይቃቸው፣ በሁለቱም ላይ እኩል ውኃ እያፈሰሱ ይመልሳሉ።

«እዚህ ትንሿ አለች፣ እዚህ ትልቋ አለች። ሌላዋ ደግሞ ማንሱራ በብርድ ቤት ተቀምጣ ለሰው ልጆች መድኃኒት ትቀምሳለች። ቤት ውስጥም እንዲህ ነበረች፤ ወጡን ሳትቀምስ ለሰው አታቀርብም ነበር።»

ሰውዬው የከተማው ሰው ነውና ፈገግ ብሎ በልቡ ማካፈል ሲጀምር፣ ኡስታ ጣሳውን ያስቀምጡና ቀና ብለው ያዩታል።

«ይቺን አታካፍላት» ይላሉ። «ልኳ ናት።»